የተደበቀው ጤና አዳም

ሰው የሚማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ብቻ ነው የሚል ካለ፣ ባለፈው ግንቦት ከባቱ ወደ አዳማ የሄድኩበት ሚኒባስ ውስጥ በነበረ እላለሁ። እኔ በአዳሚ ቱሉ የእርሻ ተመራማሪ ነኝ። ገበሬ ስመክር ሃያ ዓመት ስለፈጀሁ በሰው ወሬ ጥልቅ ማለት አይከብደኝም። የዚያን ቀን ግን ከእኔ የተሻለች ተናጋሪ ስላገኘሁ አዳማጭ ሆንኩ።

ከጎኔ የተቀመጡት አዴ ሎሚ የአርሲ ነገሌ እህል ነጋዴ ናቸው። ጭናቸው ላይ ያለው ፌስታል መኪናውን በጤና አዳም ሽታ ሞልቶታል። ከፊታችን ያለች ወጣት ዞር ብላ፣ "አዴ፣ ይሄ ሁሉ ጤና አዳም ለማን ነው?" አለች። ገላኔ ትባላለች፤ በአዳማ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት።

"ለምራቴ ለኢፍቱ። አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች፤ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ባሏ ለሥራ ርቆ ሄዶ ሐሳብ ገደላት። እንቅልፍ የላትም፣ ራሷን ያማታል። ይሄን ወፈር አድርጌ አፈላላታለሁ።"

"መጠጣት ከጀመረች ቆየች?"

"ሁለት ሳምንት። ሲያልቅብኝ ነው ከአገር ቤት ላመጣ የወጣሁት።"

"ለሚከታተሏት ነርሶች ነግራቸዋለች?"

አዴ ሎሚ ሳቁ። "እንዳትነግሪያቸው ያልኳት እኔው ነኝ! ቁጣ ልታተርፍ?"

የገላኔ ፊት ተለወጠ። "እጇና ፊቷስ አብጧል? ዓይኗን ብዥ ይላታል?"

"ቀለበቷ እንቢ ብሎ በሳሙና ነው የወለቀው። ዓይኔም ይጨልማል ትላለች። እንዴት አወቅሽ?"

"አዴ፣ ይሄ ሐሳብ ብቻ አይመስለኝም። የእርግዝና ደም ግፊት ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ እናትን ከነልጇ ይገድላል። ዛሬውኑ መለካት አለባት። ጤና አዳሙም ሲወፍር ማህፀን ሊያኮማትር ይችላል።"

"እኔ አምስት ልጅ በዚሁ ወልጄ!" አሉና ፌስታሉን ወደ ራሳቸው ሳቡ። "እናንተ ደግሞ ስትቆጡ እንጂ ስታባብሉ አላየሁም።"

እዚህ ላይ ብዙ የተማረ ሰው ይቆጣል፤ እኔም አፌን ልከፍት ነበር። ገላኔ ግን፣ "ልክ ነዎት። እናቶች የሚደብቁን ስለምንቆጣ ነው፤ ጥፋቱ የእኛም ነው" አለች። "አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ስንዴ ሲገዙ በእጅዎ ዘግነው ያዩታል?"

"ታዲያስ! እርጥበቱን፣ ነቀዙን፣ ሁሉን እጄ ያውቀዋል።"

"ክብደቱንስ?"

"እሱማ ሚዛን ላይ ይወጣል።"

"ኢፍቱም እንደዚያው ናት። መጨነቋን ከእኛ ቀድመው ያወቁት እርስዎ ነዎት። አጠገቧ ሲያድሩ፣ ሲያጫውቷት፣ ወጣ አድርገው ሲያናፍሷት ጭንቀቷ ይቀልላታል፤ እሱን እንዳይተዉት። ግፊቷን ግን እጅ አያውቀውም።"

አዴ ሎሚ ፌስታሉን ከጭናቸው አንሥተው እግራቸው ሥር አስቀመጡት። ሞጆ ስንደርስ ስልካቸውን አወጡ። "ኢፍቱ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ። የጠጣሽውን ሁሉ ንገሪያቸው። ከተቆጡ እኔን ይቆጡ፤ መጣሁ ልጄ።"

በኋላ ከገላኔ እንደሰማሁት፣ የኢፍቱ ግፊት እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘና በዚያው ቀን ሆስፒታል ተኛች። ብትዘገይ ኖሮ እናትም ልጅም ላይተርፉ ይችሉ እንደነበር ሐኪሙ ነገራቸው። አዴ ሎሚ አልጋዋ ሥር ፍራሽ ዘርግተው አምስት ሳምንት ሙሉ አደሩ። ከዚያ ኢፍቱ ወለደች። ልጅቷ ሚጢጢ ብትሆንም ጩኸቷ ኮሪደሩን ይሞላ ነበር አሉ። ስሟን ሚልካ አሏት።

በሐምሌ ገላኔ ጤና ጣቢያው ወዳዘጋጀው የነፍሰ ጡሮች ስብሰባ ጋበዘችኝ። አዴ ሎሚ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ተነሡ።

"የዚችን ልጅ እናት፣ የጠጣሽውን ደብቂ ያልኳት እኔ ነኝ፤ ሁለቱንም ልገድል ነበር" አሉ። "ልጆቼ፣ ቅጠልም ሆነ ሥር፣ ከመጠጣታችሁ በፊት ጠይቁ፤ የጠጣችሁትንም ተናገሩ። ግፊታችሁን ተለኩ። ጭንቀትም ካለ ብቻችሁን አትያዙት። እኛ አማቶችም ሥራ አንፈታም፤ አብረናችሁ እንሄዳለን፣ አብረናችሁ እናድራለን። አሁን እውነቱን እንነጋገር፤ በድብቅ የምትጠጡ እጃችሁን አውጡ።"

 አንድ እጅ ወጣ፤ ቀጥሎ ሌላ። ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ደረሱ።

ነርሶቹ ተያዩ፤ አንዷም አልተቆጣች። ገላኔ ወንበሯን ሳበችና፣ "ተባረኩ! በሉ ከዳር ጀምራችሁ ንገሩኝ" አለች። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ፤ እልልታውን የጀመረችው ከአማቷ ጎን የተቀመጠችው ኢፍቱ ነበረች።