ለታፈነ ሰርቨር ሥራ አይጨመርም

ሊፍቱ ተበላሽቶ በደረጃ ስወርድ ጋሼን አገኘኋቸው። የአምቡላንስ ጥሪ የምንቀበልበትን ፕሮግራም የጻፉት እሳቸው ናቸው። ከኋላዬ ደግሞ አዲሷ የኮምፒውተር ባለሙያ ትወርዳለች፤ ዓይኗ ደም ለብሷል። ጠዋት ጥሪዎች ተንጠልጥለው ቀርተው አንዲት ወላድ ታክሲ ውስጥ ተገላገለች። ሥራ አስኪያጁ ጥፋቱን ልጅቷ ላይ ለጥፎ ዛሬውኑ ሊያባርራት ነው።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣" አለች፣ "ሥራ የሚያከፋፍለው ኮድ የእርስዎ ነው። አንዱ ሰርቨር፣ ማለት ጥሪ የሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ ሥራ በዝቶበት ታፍኖ እያለ እንኳ፣ ተራው ስለደረሰ ብቻ ጥሪ ይጭንበታል።"

"ተራ ማክበር ነውር ሆነ እንዴ ልጄ? ለሁሉም እኩል ነው የማድለው።"

"እኩል መስጠትና እኩል መቻል ለየቅል ናቸው! ኮዱ ከሰርቨሩ መልስ ሳይጠብቅ ሌላ ይልካል፤ በታፈነው ላይ ይከመራል። ሁለት ሰርቨር በዕጣ እናውጣና፣ በእጁ ያልጨረሰው ሥራ ለሚያንሰው እንስጥ። ይህንንም ላይብረሪ እናድርገው፤ ሁሉም ክፍል ከአንድ ቦታ የሚጠቀምበት የጋራ ኮድ ይሁን።"

"ታዲያ እዚያው አስተካክይዋ! ለሁሉ የሚሆን ላይብረሪ ምን አመጣው? የአምቡላንስ ጥሪንና የመድኃኒት ትዕዛዝን ምን አገናኛቸው?"

እዚህ ላይ አላስቻለኝም። "ጋሼ፣ ኧረ በፈጠረዎት! የመድኃኒት ክፍል ይህንኑ ስህተት ድሮ አርሞታል። ሁሉም የእርስዎን ኮድ እየገለበጠ ስለሚለጥፍ እርማቱ እኛ ጋ አልደረሰም!"

"ላይብረሪው የሥራውን ዓይነት አይጠይቅም፣" አለች ልጅቷ። "ሰርቨሩን 'ስንት ያላለቀ ይዘሃል?' ብቻ ነው የሚለው።"

በእኛ መሥሪያ ቤት ታላቅ የጻፈውን መንካት እንደ ድፍረት ይቆጠራል፤ ይገለበጣል እንጂ አይታረምም። አክብሮት ይሉታል እንጂ ስንፍና ነው። ዳፋው የሚተርፈው ስልክ ይዞ ለሚጮኸው ሰው ነው።

ጋሼ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። "ሕፃኑስ?"

"ደህና ነው። በሹፌሩ ብርታት እንጂ በእኛ አይደለም፣" አልኳቸው።

ተነሥተው ሽቅብ ወደ ሥራ አስኪያጁ ወጡ፤ እኛም ተከተልናቸው። በሩን ሳያንኳኩ ገቡና "ጥፋቱ የእኔ ነው። እሷን ከማባረርህ በፊት እኔን አባር። ደግሞም ከእሷ ሌላ የሚጠግነው ሰው የለህም፣" አሉት።

ልጅቷ ሳትባረር ቀረች፤ ዛሬ ሁሉም ክፍል በእሷ ላይብረሪ ይሠራል። የታፈነ ሰርቨር ፋታ ያገኛል፤ አንድ ቦታ የታረመው ሁሉም ጋ ይታረማል፤ የደወለም ይመለስለታል። አሮጌውን ኮድ ጋሼ ራሳቸው አጠፉት። እኔን ግን እስካሁን የሚያንገበግበኝ፣ ይህችን ልጅ ለመስማት አንዲት ሴት ታክሲ ውስጥ መውለድ ነበረባት?