ቅዱሱ ቋንቋ በሥራ ቀን

ረብ ጌዳልያ የኦሪት ጥቅል ጸሐፊ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ብራና ላይ አጎንብሰው ኖረው አንዲት ፊደል አሳስተው አያውቁም። በዚያን ዕለት ጠዋት ግን ብርዓቸውን ጥለው፣ ከያፋ ከተማ ወጣ ብሎ አሸዋው ላይ ወደተሠራው አዲሱ የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት በቁጣ እየገሰገሱ ነበር። ወላጆቿ ሞተውባት እሳቸው ያሳደጓትን የልጅ ልጃቸውን፣ ቲርጻን፣ ሊያስወጡ ነው።

አሸዋው እግር ይይዛል። አንደኛው ጫማቸው ተቀብሮ ሲቀር፣ ከኋላቸው የመጣ ጎልማሳ ጎንበስ ብሎ አወጣውና አራግፎ ሰጣቸው።

"ይደገፉኝ አባቴ። ወዴት ነዎት?" አላቸው በይዲሽ፣ የአውሮፓ አይሁድ በሚነጋገሩበት ቋንቋ።

"እዚያ ቤት ውስጥ ልጅ አለችኝ። ቤት ሲቃጠል መጀመሪያ የሚወጣው ልጅ ነው።"

ጎልማሳው "እንግዲህ እሳቱን ከለኮሱት አንዱ እኔ ነኝ። ናፍታሊ ግሪንሽፑን እባላለሁ፤ የተፈጥሮ ሳይንስ አስተማሪ ነኝ" አለ።

ረብ ጌዳልያ ክንዳቸውን ከክንዱ መነጨቁ። ሁለት እርምጃ እንደሄዱ አሸዋው ስላንገዳገዳቸው ግን ሳይወዱ መልሰው ያዙት።

"አንተ ነህ እንቁራሪት የምትሰነጥቀው? ለመሆኑ በምን ቋንቋ ነው የምትሰነጥቃት?"

"በዕብራይስጥ።"

"ሙሴ በተናገረበት?"

"ሙሴም ፈርዖን ፊት ስለ እንቁራሪት ሲናገር በዚሁ ቋንቋ ነበር።"

ሽማግሌው ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ጢማቸው ውስጥ ዋጡት። "ምላስህ ስለታም ነው። ግን ስማኝ። የሰንበት ልብሱን ለብሶ በረት የሚጠርግ ሰው አይተህ ታውቃለህ? እኔ በቤቴ ዕብራይስጥ የምናገረው በሰንበት ብቻ ነው።"

"ሁልጊዜ የተሰቀለ ልብስን ደግሞ ብል ይበላዋል፣ ረብ ጌዳልያ።"

"ስሜን ከየት አወቅኸው?"

"ቲርጻ በሰንበት ዕብራይስጥ የሚናገሩ አያት እንዳሏት ነግራናለች። ስንጀምር እኮ ቤት እንኳን አልነበረንም። በተከራየነው ክፍል ልጆቹ ከአግዳሚው ይበዙ ነበር። መጽሐፍ ስላልነበረ እኛው ከሩሲያኛና ከጀርመንኛ እየተረጎምን ልጆቹ በእጃቸው ይገለብጡ ነበር። አንድ ቃል ያጣን እንደሆነ ትምህርቱን አቁመን የጥንት መጻሕፍት ውስጥ እንፈልጋለን፤ ከጠፋም ራሳችን እንሠራለን። ዓመት አይሞላቸውም ብለው የሳቁብን ብዙ ናቸው። ዛሬ ከኦዴሳ ድረስ ወላጆች ልጆቻቸውን በመርከብ ይልኩልናል።"

"የምትሰጡትን ወረቀት የትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው የሚቀበለው?"

"ገና ብዙው አይቀበልም። አልዋሽዎትም።"

እውነቱን መናገሩ ሽማግሌውን አበሳጫቸው፤ ቢዋሽ ኖሮ ነገሩ ይቀልላቸው ነበር። ቆም ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"የምኩራባችን አለቃ ረብ ሂርሽ ቤር ትናንት ቤቴ መጥቶ ነበር። ልጅቷ ከወንዶች ጋር እዚያ መቀመጧን ካልተወች፣ እየጨረስኩት ያለውን ጥቅል ምኩራቡ አይቀበልም ብሎኛል። ይህ ጥቅል የመጨረሻዬ ነው፤ ዓይኔ ከዚህ በኋላ ሌላ አያስጽፈኝም። አሁን መልስ ስጠኝ።"

"ይህን አላውቅም ነበር። ፍርዱ የእርስዎ ነው" አለ ናፍታሊ፤ ደጁ ሲደርሱ ብቻ "ሐኪም መሆን እንደምትፈልግ ነግራዎታለች?" ሲል ጠየቃቸው።

አልነገረቻቸውም። ቢሆንም ይዘዋት ወጡ።

ቲርጻ አላለቀሰችም፤ አልተከራከረችም። ቤቱን ትጠርጋለች፣ ምሳ ታቀርባለች፣ ሲጠሯት "አቤት አባባ" ትላለች። ልጅ ሲጮህ ይቆጡታል፤ ዝም ሲል ምን ይደረጋል? ረብ ጌዳልያ ብርዓቸውን ነክረው ቀለሙ ደርቆ እስኪቀር ድረስ ባዶው ብራና ላይ ያፈጡ ጀመር።

እንዲህ እያሉ ሳለ በሰፈሩ ልጆች ላይ ጉሮሮ የሚዘጋው በሽታ ገባ። ግቢያቸውን የሚጋራው የመናዊው ድንጋይ ጠራቢ ሳዲያ ትንሽ ልጁ ታመመበት። ከሩሲያ በቅርቡ የመጣው ሐኪም ልጁን አየና ጠርሙስ አውጥቶ በይዲሽ ተናገረ። ሳዲያ የሚያውቀው ዐረብኛና የጸሎቱን ዕብራይስጥ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ደጃፉ ላይ ወደቆሙት ረብ ጌዳልያ ዞረ።

"ይንገሯቸው። ጥጥ እየነከሩ የልጁን ጉሮሮ ይጥረጉለት። መድኃኒቱ ያቃጥላል፤ እንዳይውጠው" አላቸውና ሌላ ቤት የሚያቃስት ልጅ ስለነበር ሮጠ።

ቀኑ ሰንበት አልነበረም። ሆኖም ረብ ጌዳልያ አላመነቱም፤ አፋቸውን በቅዱሱ ቋንቋ ከፈቱ። ግን "ጥጥ ነክሮ መጥረግ" የሚለውን በየትኛው ጥቅስ ያግኙት? "መድኃኒት" አሉ፤ "ጉሮሮ" አሉ። ዓሣው ዮናስን ሲውጥ የተባለውን ቃል አስታውሰው "አይዋጥ" አሉ። ነገር ግን አንደበታቸው የሊቱዌንያ ነው፤ የሳዲያ ጆሮ የየመን። ልጁም ያለማቋረጥ ያስል ነበር። ሳዲያ ከንግግሩ መድኃኒት፣ ጉሮሮና መዋጥ የሚሉትን ብቻ ለየ፤ ክልከላው በሳሉ መካከል ጠፍቶበት ለሚስቱ በዐረብኛ ነገራት። እናትየው ማንኪያውን ሞልታ ወደ ልጁ አፍ አቀረበች።

ረብ ጌዳልያ አዩ። ቃል ግን አልመጣላቸውም፤ እጃቸውን ብቻ አወናጨፉ።

ቲርጻ በአጠገባቸው አልፋ ገብታ የሴትየዋን የእጅ አንጓ ያዘች። ማንኪያው ወለሉ ላይ ተደፋ።

"አባባ፣ ሐኪሙ ምንድነው ያለው?"

በይዲሽ ነገሯት። እሷ ደግሞ ወደ ሳዲያ ዞራ በትምህርት ቤቷ ዕብራይስጥ ቀስ እያለች ተናገረች፦ "አይጠጣም። ያቃጥላል። ጥጥ አምጡልኝ። አንተ ጭንቅላቱን ደግፍ።" ሳዲያ ሁሉንም ሰማ። ልጅቷ የማንኪያውን እጀታ አጥባ ምላሱን ተጫነችና በትምህርት ክፍሏ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ሥዕል እንዳየችው ጉሮሮውን ጠረገችለት።

ልጁ ጥቂት ቀን በሞትና በሕይወት መካከል ከርሞ ተሻለው።

ረብ ጌዳልያ ግን አልተሻላቸውም። አንድ ቀን ቲርጻን አስቀመጧት።

"ቃሉን እኮ ትክክል ነበር የተናገርኩት።"

"አዎ አባባ። ፊደሉ ትክክል ነበር።"

"ታዲያ ምን ጎደለው?"

"አጠራሩ። የእርስዎን አጠራር ሳዲያ ሰምቶት አያውቅም። እኛ ክፍል የየመንም፣ የቡልጋሪያም፣ የኦዴሳም ልጅ አለ። መጀመሪያ አንዱ ባንዱ አነጋገር ይስቅ ነበር። አሁን እንኳን ልንግባባ፣ የምንጣላውም በእሱ ነው።"

"ትጣላላችሁ? በቅዱሱ ቋንቋ?"

"በደንብ ነዋ።"

ሽማግሌው ቀጥለው "ሐኪም የመሆኑን ነገር ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?" አሏት።

"እምቢ እንዳይሉኝ ፈርቼ።"

"እምቢ እል ነበር" አሉ። በማግስቱ ራሳቸው በአሸዋው ላይ ይዘዋት ሄደው ለናፍታሊ አስረከቧት።

ረብ ሂርሽ ቤር ወሬው እንደደረሰው ምኩራብ ውስጥ በሰው ፊት ያዛቸው። "በስተርጅና አበዱ አሉ፣ ረብ ጌዳልያ። ቅዱሱን ቋንቋ ለመንገድ አሳልፈው ሰጡት?"

"አንተ ከእኔ ይልቅ ለቅድስናው ትቀናለህ?" አሉት በእርጋታ። "ዕድሜዬን ሙሉ በብራና ላይ አንዲት ፊደል አላሳሳትኩም። አፌን በከፈትኩ ዕለት ግን የጎረቤቴን ልጅ ልገድል ነበር። 'አይዋጥ' የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ፤ ለሰው መንገር ግን አልቻልኩም። ያቺ ልጅ ቻለች። ነገ የሊቱዌንያው ሐኪም የየመኑን ሕመምተኛ ሲያክም፣ የቡልጋሪያው ነጋዴ ከኦዴሳው ጋር ሲዋዋል፣ እናቶች በአንድ ጉድጓድ ውኃ ሲቀዱ፣ በምን ይግባቡ? ያ ትምህርት ቤት ይህን እያበጀ ነው። ልጆቹ ኦሪትን ሲያነብቡ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ሳይሆን እንደ እናታቸው ንግግር ይሰሙታል። ሴት ልጅም ተምራ ሰው ስታድን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ይህን አላየሁም ብዬ አልዋሽም።"

"እንግዲያው ጥቅልዎን ሌላ ምኩራብ ይፈልጉለት" አለ አለቃው።

ሌላ ምኩራብ አልጠየቁም። ጥቅሉን ጨርሰው፣ ሰፍተው፣ ጠቅልለው ቤታቸው አስቀመጡት። አንድ ማለዳ ሳዲያ መጣና ደጃፋቸው ላይ ቆሞ በዕብራይስጥ፣ ቀስ ብሎ፣ "የእኛ ጸሎት ቤት ደሃ ነው፤ ጥቅላችን አርጅቶ ፊደሉ ረግፏል። የእርስዎን ብንለምንዎ ይሰጡናል?" አላቸው። ረብ ጌዳልያም በዕብራይስጥ፣ ቀስ ብለው፣ "ውሰዱት" አሉ።

በመጣው ሰንበት በየመናውያኑ ጸሎት ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። አንባቢው ጥቅሉን ከፍቶ ጀመረ። የጻፉት የገዛ እጃቸው ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ግን በዚያ አንደበት አመለጧቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ፊት አዘነበሉ። ከዚያ አንዲት ቃል ያዙ፤ ቀጥሎ ሌላ ያዙ፤ ንባቡ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ሁሉንም ይሰሙ ነበር።