ድልድዩን ጠርገን የዳሱን በር ገጠምነው

ስሙኝማ! የወንድሜን ልጅ በዳርንበት ቀን ድብ ባሕር በሚባለው ቦታ ጡብ የጫነ መኪና ከድልድዩ ጋር ተላትሞ መንገዱን በስብርባሪ ዘጋው። ሾፌሩስ ተርፏል፣ ተመስገን። ሙሽራውና ሚዜዎቹ ግን ከማዶ ቀሩ። በማግስቱ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ዛሬ ካልተዳረች እስከ ፋሲካ መጠበቅ ነው! «ማሽን እስኪመጣ ታገሡ» ቢሉን ማን ሰምቶ! እኛ የሙሽሪት አክስቶች ነጠላችንን አሸርጠን ከወዲህ፣ እነሱ በሱፋቸው ከወዲያ፣ ጡቡን ስንለቅም ስንለቅም መሃል ላይ ተገናኘን። መኪና የሚያሳልፍ መንገድ ሲወጣ እልልታውን አቀለጥነው።

አቧራ የለበሰው አንደኛ ሚዜ «እትዬ፣ ከዚህ በኋላማ እንደ ወጉ በር ላይ ቆማችሁ አትከለክሉንም አይደል?» አለኝ። «ምን ሲደረግ! መንገዱን ጠረግንላችሁ እንጂ ልጅቱን መቼ ሰጠናችሁ?» አልኩትና አክስቶች ሁላችን በአቋራጭ ሮጥን። ሰርገኞቹ ሲደርሱ ክንድ ለክንድ ተያይዘን፣ እየዘፈንን፣ የዳሱን በር ገጥመነዋል።