ትበርህ ያቆመችው ኪኒን

አቦይ ተኽላይ ባምቢስ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመዋል። በእጃቸው ጸበል የሞላ ጀሪካን አለ። ሰልፉ አይንቀሳቀስም። ባለቤታቸውን ትበርህን ለጎረቤት ትተው ነው የወጡት። ጠዋት አፍጥጣ አይታቸው «አንተ ማነህ?» ብላቸዋለች።

«አቦይ፣ ምነው ፊትዎ ጠቆረ?» አለ አንድ ድምፅ ከኋላቸው። አርያም ናት፤ የካዛንቺስ ጎረቤታቸው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ አንጎል የምታጠና።

«ትበርህ ጠፋችብኝ፣ ልጄ። ቤት ተቀምጣ ጠፋችብኝ።»

«ተሽሏት አልነበር እንዴ? ሐኪሙ አንጎሏ ተቆጥቷል ብሎ ኪኒን አዞላት…»

«ጸበል ስትጀምር አስቆምኳት። ሁለቱ አይቀላቀሉም።»

«በአንዴ?»

«እና ምን፣ እንደ ሕፃን ጡት ቀስ በቀስ ላስጥላት ኖሯል?»

«አዎ አቦይ! ልክ እንደዚያ ነበር፤ ያውም ሐኪም ሲያዝ።»

ልጅቷ አልሳቀችም። አቦይ ግን አልተረቱም።

«ኪኒን ተይዞ ጸበል መጠጣት እምነት ማጉደል ነው።»

«እሺ፣ ይስሙኝማ። እርስዎ ላንቻ መጋዘን ዘበኛ ነበሩ። አንጎልም ዘበኛ አለው። ነርቮቹን የሚደግፉ ሴሎች አሉ፤ በላያቸው ላይ መቀበያ አላቸው፣ ማለቴ፣ ጆሮ ይበሉት። ክፉ ነገር ሲመጣ ወሬው በዚያ ጆሮ ይገባል። ሴሉ ይነሳል፣ ሌሎቹን ይጠራል፣ ቁጣው ይነድዳል። እስከዚህ ደግ ነው። ‹በቃ፣ ተረጋጉ› የሚለውን የሚሰሙበትም ሌላ ጆሮ አላቸው።»

«እሱን ካልሰሙስ?»

«ሌባው ከሸሸ በኋላ መተኮስ የማያቆም ዘበኛ አይተው አያውቁም?»

አይተዋል። ሃብተአብ የሚባል ባልደረባቸው ነበር። ጥይቱ ያገኘው የመጋዘኑን ባለቤት ነው። አቦይ ጀሪካኑን መሬት አስቀመጡት።

«ኪኒኑ ያንን ቁጣ ያበርዳል» አለች። «ሲቋረጥ ያገረሻል። ሰውነቷም ለምዶት ስለነበር ድንገት ሲያጣው ዝሎ ሊወድቅ ይችላል። እሱ ብቻውን ይገድላል፣ አቦይ።»

«እግዜር ቢቀየመኝስ?»

«የነፍስ አባትዎ አቁሙ ብለዋል?»

ጠይቀው አያውቁም። ሰው ሁሉ እንደዚያ ሲያደርግ አይተው ነው። እዚያው ቆመው ለነፍስ አባታቸው ደወሉ።

ቄሱ ተቆጡ። «ማን አቁሙ አለህ ተኽላይ? ሐኪም የሰጣትን በጸበሉ ትዋጠው እንጂ!»

«እርስዎ ግን በራስዎ መልሰው እንዳያስጀምሯት» አለች አርያም ስልኩ ሲዘጋ። «መጠኑን ሐኪሟ ይወስን። አሁኑኑ እንውሰዳት።»

ሰልፉን ጥለው ሄዱ። አቦይ የቤታቸውን በር ሲከፍቱ የፈሩት ትንፋሿን ማጣት ነበር። ትተነፍሳለች። ሐኪም ቤት ስትገባ ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ…» አለና መድኃኒቱን መልሶ ጀመረላት።

ትበርህ ብዙ ቀን ተኛች። አንድ ጠዋት ዓይኗን ገልጣ «ተኽላይ፣ ጢምህን የማትላጨው ማን ሞቶብህ ነው?» አለች። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ዛሬ ትበርህ ኪኒኗን በጸበል ትውጣለች፤ ሐኪሟም በየጊዜው እያየ ይቀንስላታል። ገበያ ትወጣለች፣ የልጆቿን ስም ትጠራለች፣ ባሏን ትቆጣለች። አቦይ ተኽላይ ግን እስክትውጥ ድረስ ከአጠገቧ አይርቁም። ጸበል ቦታም አዲስ ሕመምተኛ ሲመጣ ጠጋ ብለው አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦

«መድኃኒት ነበረህ? አላቆምክም አይደል?»