ኮንጎ ላይ የሚያልፈው ኮከብ

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄደው አውቶቡስ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌና በፈቃድ ከአስመራ የመጣ ወታደር ጎን ለጎን ተቀምጠው ያወራሉ።

«ማታ ማታ የሚሄደውን ኮከብ አየኸው ልጄ? እኛ ኮከብ ከቦታው ለቀቀ ብለን ምህላ ይዘናል።»

«ኮከብ አይደለም አባቴ። ፈረንጆች የሰደዱት ሳተላይት የሚባል ነገር ነው፤ የማን ጦር የት እንዳለ ከላይ ሆኖ ያያል። አስመራ እኔ በምጠብቀው ግቢ ፈረንጆቹ መንገዱን ይከታተሉታል።»

«ታዲያ ለምን አይወድቅም?»

«መውደቁንስ ይወድቃል። ግን ሩጫው ኃይለኛ ስለሆነ ምድርን ስቷት ያልፋል፤ እንዲያ እያለ ይዞራታል።»

«ትናንት በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ነበር ያለፈው፤ ከትናንት ወዲያ ግን በወንዙ በኩል። መንገዱ ይጠፋዋል እንዴ?»

«አይጠፋውም። እሱ በራሱ መንገድ ሲዞር ምድርም ከሥሩ ትዞራለች። ስለዚህ በዞረ ቁጥር ሌላ አገር ላይ ያልፋል።»

«ሁሉም አገር ተራ ይደርሰዋል ማለት ነው?»

«ይደርሰዋል።»

«ኮንጎስ?»

«ኮንጎም።»



«የእኔ ልጅ ኮንጎ ዘምቶ ነው የቀረ። ሞተም አልተባልን፣ አለም አልተባልን። ያ ነገር ያየውን ለማን ይናገራል?»

«ለላኩት።»

«ብንጠይቃቸውስ?»

«የጦር ምስጢር ነው አባቴ። ለእኛም አይነግሩንም።»

«ምስጢራቸውን ምን ላድርገው? እናቱ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ተዝካሩን እናውጣለት ወይስ እንጠብቀው?»

ፍኖተ ሰላም ስወርድ ጀምበር ገና አልጠለቀችም ነበር፤ እኔ ግን መንገዱ ዳር ቆሜ ሰማይ ሰማዩን ሳይ ቆየሁ።