ጓሳው ያለ ዘበኛ

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። በጥር ወር ከመሐል ሜዳ ገበያ ወደ መንደራችን ስመለስ ዳገቱ አፋፍ ላይ መሪጌታ ገብረ አማኑኤልን አገኘኋቸው። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። በርኖሳቸውን ደርበው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ እኔ ወደመጣሁበት ይወርዳሉ። ቡልጋሪያ ተምሬ ከተመለስኩ ገና ብዙ አልሰነበትኩም ነበር። ሁሉ ነገር ከትዝታዬ አንሶ አገኘሁት፤ ብርዱ ብቻ እንደነበረ ጠበቀኝ።

ጉልበታቸውን ስሜ፣ «የኔታ፣ በዚህ ብርድ ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«ፖሊስ ጣቢያ። ጎረቤታችን አስፋው ከተዘጋው ሜዳ ሣር አጭዷል፤ ልከሰው ነው።»

ሜዳው ከመንደራችን በላይ ያለው የጓሳ ሣር ነው። ቤታችን የሚከደነው፣ ገመዳችን የሚገመደው በእሱ ነው። ሣሩ እስኪጠና ዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ ቀኑ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይነገርና ሁሉም አብሮ ያጭዳል። በልጅነቴ ያየሁትን መክፈቻ መቼም አልረሳውም። ቄሱ ባርከው «በሉ» ሲሉ የማጭዱ ድምፅ እንደ ዝናብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይወርድ ነበር። ባዕድ አገር እንቅልፍ ሲያጣኝ ያን ድምፅ ነበር የማስታውሰው። ልማዱ በአብዮቱ ዘመን ቀርቶ ኖሮ፣ መንደሩ በቅርቡ መልሶት የኔታን የሜዳው አለቃ አድርጎ መርጧል።

«አስፋው ቢታሰር ገብሱን ማን ይወቃለታል? ሚስቱ ወሰንየለሽስ ከነልጆቿ?» አልኳቸው፣ ዞሬ አብሬያቸው ቁልቁል እየወረድኩ።

«እሱን ማጭዱን ሳይስል ነበር ማሰብ! እኔ ዝም ብል ነገ መንደሩ ሁሉ ተከትሎት ይወጣል። መንግሥት ያለው ለዚህ ነው።»

«ያለ መንግሥትስ መኖር አይቻልም? በተማርኩበት አገር፣ ሰው በሰው ላይ አይሠልጥን፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ተስማምቶ ራሱን ያስተዳድር የሚሉ ሰዎች ነበሩ። አናርኪስት ይባላሉ።»

የኔታ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ያን ስም አታንሣብኝ! የጎረቤታችንን የገበያነሽን ልጅ ደርጎች ያን ስም ለጥፈውበት ነው የወሰዱት። አልተመለሰም።»

«ስሙን ለመግደያ ያዋሉት ሹማምንት ናቸው፣ የኔታ። እኔ የምለው ሐሳቡን ነው።»

«ስምህ ትዕዛዙ፤ ትዕዛዝ ግን ያኔም አትወድ!» አሉና ትንሽ ለዘብ አሉ። «ጳውሎስ ነፍስ ሁሉ ለባለሥልጣኖች ይገዛ ብሏል። የአንተ ሰዎች ግን እግዜርንም ሹም ነው ብለው ሳይሽሩት አይቀሩም።»

እውነታቸውን ነበር። ብዙዎቹ ሽረውታል። እኔ ራሴ ከሻሩት ልሁን ካልሻሩት በውል አላውቀውም ነበር። ቢሆንም ክርክሩን አልተውኩም።

«ሳሙኤልስ? እስራኤል ንጉሥ አንግሥልን ሲሉት፣ ልጆቻችሁን ይወስዳል፣ እርሻችሁን ይወስዳል ብሎ አላስጠነቀቃቸውም? ጌታስ የአሕዛብን አለቆች ጠቅሶ፣ በእናንተስ እንዲህ አይደለም አላለም? ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«አስተማርኩህ እንጂ መልሰህ ወርውርብኝ አልኩህ?» ብለው ሳቁ።

ሳቃቸው አደፋፈረኝ። «ድሮ እኮ ይህን ሜዳ የጠበቀው ፖሊስ አልነበረም። ፍቅር ነበር።»

ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። «አንተ ልጅ ስለነበርክ ማጭዱን ነው ያየኸው። ሰርቆ የተገኘ ሰው ቤቱ ሲቃጠል አላየህም። እኔ አይቻለሁ። እናት ሕፃኗን አቅፋ ብርድ ላይ አድራለች። ያቃጠሉት ደግሞ የገዛ ጎረቤቶቹ ናቸው። የታል ፍቅሩ?»

ስንት ዓመት በልቤ ይዤው የዞርኩት ሜዳ ጭስ ጭስ አለኝ። ሹም ከሌለ ዱላም የለም ብዬ ነበር የማስበው፤ ለካ ዱላው ከሹሙ እጅ ወደ ሁላችን እጅ ሊሻገር ይችላል። ሰው ሹሙን ከላዩ ቢያነሣ እንኳ በልቡ ያለው ሹም ይቀራል። ጥቂት ከወረድን በኋላ፣

«የኔታ፣ ወንድምህ ቢበድልህ ወንጌሉ መጀመሪያ ምን አድርግ ይላል?» አልኳቸው።

«ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው።» ሳያስቡት ነበር የወጣቸው።

«አስፋውን ወቅሰውታል?»

መቋሚያቸውን መሬቱ ላይ ተከሉ። «አልወቀስኩትም» አሉ። «ለሹም መንገር ይቀላል፣ ልጄ። ከባዱ ዓይኑን ማየት ነው።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ መንደሩ መለሱ።

አስፋው ደጅ ስንደርስ ልከተላቸው ብል ከለከሉኝ። «ብቻችሁን ነው የሚለው። አናርኪስትም ቢሆን አይገባም!»

የድንጋዩ አጥር ላይ ተቀመጥኩ። የቤቱ ክዳን ግማሹ በስብሶ ጠቁሯል፤ አንድ ጎኑ በአዲስ ጓሳ ተለጥፏል። ወሰንየለሽ ከቤት ወጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ክረምቱን ክዳኑ እያፈሰሰ ልጆቹን ከጥግ ጥግ ስናሸሽ ነው ያለፈ» አለችኝ።

«ሰው አትጠይቁም ነበር?»

«አስፋው? መለመን ሞቱ ነው።»

ከውስጥ የየኔታ ድምፅ ከፍ አለ፤ ቀጥሎ ዝቅ አለ፤ ቀጥሎ ጭራሽ ጠፋ። ሲወጡ አስፋው ዓይኑ ቀልቷል። ከሣሩ የተረፈውን ተሸክሟል።

«እሑድ ሰንበቴው ፊት ራሴ እናገራለሁ» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። «ጳውሎስን አልተውኩትም፤ ግብሬን እከፍላለሁ። ግን ወንድሜን ለሹም አስረክቤ እጄን አልታጠብም። ይህን ያህል ረትተኸኛል። አንተስ? ከላይ ማንም የለም ካልክ፣ የበደለህን ሰው ስለማን ብለህ ይቅር ትላለህ? እሑድ ና።»

ሄድኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ ቅዳሴ ቆምኩ። ሰንበቴው ላይ አስፋው ተናገረ፤ ያጉረመረሙም፣ የተቆጡም ነበሩ። ብዙ ከተባባሉ በኋላ በሚመጣው መክፈቻ ድርሻ እንዳይኖረው፣ ሜዳውን እስከዚያው እሱ እንዲጠብቅ ተስማሙ። ክዳኑን ግን ከየቤቱ አሮጌ ሣር ተዋጥቶ መንደሩ ከደነለት። ማንም አልታሰረም፣ የማንም ቤት አልተቃጠለም፣ ገብሱም በጊዜው ተወቃ። ሣሩም እስከ መክፈቻው ቀን አልተነካም። ወንጌልና የእኔ ሐሳብ የተጣሉ መስለውኝ የኖርኩት፣ አንዱን ያለ ሌላው ይዤ ስለነበር ነው። ሹም የማያስፈልገው ሕዝብ ይቅር ማለትን የሚችል ሕዝብ ነው፤ የኔታ ደግሞ ይህን ከእኔ ቀድመው ያውቁት ነበር፤ ብቻ ዘንግተውት ነበር።

በመክፈቻው ቀን ያ የዝናብ ድምፅ እንደ ልጅነቴ ተመልሶ መጣ። አስፋው ማጭድ አልያዘም፤ አፋፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሁሉም ሸክሙን ይዞ ሲወርድ የመጨረሻው እሱ ነበር፤ ባዶ እጁን፣ ቀና ብሎ።