ፈረሱ የላሰው ድንጋይ

እንጅባራ ሳስተምር አንድ ድንጋይ ከአከራዬ ከአያ ፈንቴ ጋር ሊያደባድበኝ ነበር። ድንጋዩን ለተማሪዎቼ ላሳይ ከአንድ የጂኦሎጂ መምህር በአደራ ወስጄው ነበር። የባሕር እንስሳት በጅምላ ባለቁበት፣ ውሃው ሞቆ አየር ባጠረው ዘመን፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን በስሱ በስሱ እየደረቡ የገነቡት ነው። ጠዋት ላነሳው ብል ካስቀመጥኩበት በረንዳ የለም። ጓሮ ስዞር አያ ፈንቴ ከብት የሚልሰው ቦሌ መስሏቸው ገንዳ ውስጥ ከተውታል፤ ጨው ነስንሰውበት ፈረሳቸው ይልሰዋል! ዘልዬ ላወጣው ስል አለንጋቸውን ደረቴ ላይ ደቀኑብኝ።

«ወግድ! ለጥር ጊዮርጊስ የምጋልበው ፈረስ ነው። መኖ ከተወ ሰንብቷል፤ አፉን የከፈተው ገና አሁን ነው።»

«አያ፣ ቦሌ እኮ አይደለም! የሰው አደራ ነው!»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ድሮ ባሕር ውስጥ የሚግጠው እንስሳ ስላለቀ ያደገ ነገር ነው» አልኳቸው።

ድንጋዩን አዩት፣ ፈረሱን አዩት። አለንጋው ግን ከደረቴ ንቅንቅ አላለም።

«የሚግጠው አጥቶ ነው እንዲህ የወፈረው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ይኸው መጣለት» አሉና በግራ እጃቸው ጨው ጨመሩበት።